ከጨው ወራት በፊት፦ የመኪናን ሥር ከዝገት የመከላከል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መስከረም 4

መንገዱ ደረቅ፣ አየሩም ገና ሞቃት እያለ መሠራት ያለበት ሥራ በመሆኑ፣ የመኪናዬን ሥር ለበረዶው ወራት ማዘጋጀት ዛሬ ጀመርኩ። የምኖረው በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ ሲሆን፣ መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል ቶዮታ ፎር ራነር ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሯ ዘይቱ በጊዜው እስከተቀየረለት ድረስ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ፣ የዕድሜዋን ልክ የሚወስነው ሞተሯ ሳይሆን ሻንሲዋ፣ ማለትም ሞተሩንና አካሉን የሚሸከመው የብረት አጽሟ ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ባሉበት አካባቢ በየዓመቱ ወደ 365,000 ቶን የሚገመት ጨው መንገድ ላይ ይበተናል፤ ከዚህ ውስጥ ድርሻዋን ሳትቀበል የምትከርም መኪና የለችም።

ጨው ብረትን ብቻውን አይበላም። ለዝገት ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ይበቃሉ፤ የጨው ድርሻ ውሃውን ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ ማድረግና ብረቱ በላዩ የሚያበጀውን ስስ መከላከያ መስበር ነው። የባሰው ጉዳት ግን ጨው እርጥበትን ከአየር የሚስብ መሆኑ ነው። ተራው ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሟሙቶ ፈሳሽ ይሆናል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ተራው ጨው ስለሚዳከም የሚጨመሩት ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ በ30 በመቶ አካባቢ እርጥበት እንኳ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። መንገዱ ደርቆ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ የመኪናው ሥር ግን ለሳምንታት እርጥብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናዋን ያነሣሁት በጋራዡ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ከያዝኩ በኋላ የኋላውን በክሪክ አንሥቼ በሁለት ካቫሌቶ (የተነሣ መኪና በሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ አሳረፍኳት፤ ክሪኩንም ሳላወጣ ለጥንቃቄ እንዲነካ ብቻ አድርጌ ተውኩት። በብሎኬት ላይ መኪና አስቀምጦ ከሥሩ የሚገባ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ የሚፈርስ ነገር ስለሆነ ይህን ማስታወሻ አይቶ ሥራውን የሚጀምር ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ካቫሌቶ እንዲገዛ እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ዓይን፣ መዶሻና የጠቆመ ካቻቢቴ ብቻ ይፈልጋል። ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ በትንሽ መዶሻ እየመታሁ ድምፁን አዳመጥኩ፤ ጤናማው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ በንብርብር የዛገው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከፊት እስከ መሐል ያለው ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቀለሙም በአብዛኛው አለ። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ ሻንሲው ቅስት በሚሠራበት ቦታ ላይ ግን ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነባብሯል። ስኮርታ ጎማውን የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት ከሁሉ የባሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ካቻቢቴው ግን የትም ቦታ አልፎ አልገባም።

ይህ ምርመራ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ፣ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ የተባሉ መኪኖቹ ሻንሲ ያለ ጊዜው ይዝጋል ተብሎ በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ በስምምነት ሲዘጋ፣ ጉዳዩ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የሚመለከት ሲሆን ዋጋው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። በዚያ ስምምነት ሻንሲ እንዲቀየር የሚያበቃው መለኪያ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ መገኘቱ ነበር። የእኔዋ ሞዴል በስምምነቱ ውስጥ የለችም፤ መለኪያው ግን ለማንኛውም ባለ ሻንሲ መኪና ስለሚያገለግል፣ እኔም በዚሁ ለካሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 11

የዛሬው ሥራ መፋቅና ማጠብ ነበር። ቱታ፣ ጓንት፣ ዓይንን ከጎን ጭምር የሚሸፍን መነጽርና የአቧራ ጭንብል ለብሼ ነው የገባሁት፤ ተጋድሞ ወደ ላይ የሚፍቅ ሰው ፍርፋሪው ሁሉ የሚወርደው በፊቱ ላይ ነውና።

ቅርፊቱን በመዶሻና በሰፊ መፋቂያ አነሣሁት፤ የቀረውን በሽቦ ቡርሽ፣ መሰርሰሪያ ላይ በሚገጠመው ክብ የሽቦ ቡርሽ ደግሞ ጥጋጥጉን ጠራረግሁት። ብረቱን እስኪያበራ ድረስ ማንጻት አላስፈለገም፣ ለአሮጌ ሻንሲም በቤት ውስጥ መሣሪያ የሚቻል አይደለም። የሚፈለገው በጥፍር ሲጫሩት የሚነሣው ሁሉ እንዲወገድ፣ አጥብቆ የያዘው ዝገት ብቻ እንዲቀር ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ የወረደው ክምር አስደንጋጭ ቢመስልም በእርግጥ ያለቀው ብረት ከሚታየው በጣም ያነሰ ነው። በካሊፐር ስለካው የኋላው ቅስት ውፍረት ከጤናማው የፊት ክፍል እምብዛም አልራቀም።

ከመፋቁ ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ የሻንሲው ውስጥ ነው። የዚህች መኪና ሻንሲ ክፍት ብረት ሳይሆን ዙሪያውን የተዘጋ ሣጥን ሲሆን፣ በየቦታው ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሦስቱ በጭቃ ተደፍነው ነበር። በጠንካራ ሽቦ ስከፍታቸው ከአንደኛው ውስጥ የወረደው ጭቃ፣ ለሳምንታት ዝናብ ባልዘነበበት በዚህ መስከረም፣ ገና እርጥብ ነበር። ከውጭ ያለው ብረት ነፋስ ይመታዋል፣ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ያለፈው ዓመት ጨው ከያዘው ጭቃ ጋር ተዘግቶ ይከርማል። ሻንሲ ሲበሳ ቀዳዳው ከውጭ የተጀመረ የሚመስለን የምናየው ከውጭ ስለሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ለወጥኩት፦ በውጭው ሽፋን ላይ ከማተኮር ይልቅ ትልቁን ድካምና ብዙውን ቅባት ለሣጥኑ ውስጥ መድቤያለሁ።

አጠባው በግፊት ማጠቢያ ተከናወነ። የቱቦውን አፍ በየቀዳዳው እያስገባሁ፣ በሌላው በኩል የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ አጠብኩ። የመብራት ሽቦዎች መገጣጠሚያዎችንና የጎማዎቹን እግር መጋጠሚያዎች የሚሸፍኑትን ጎሚኒዎች ከቅርብ በግፊት ከመምታት ተጠንቅቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 18

ትናንት መስቀል ስለነበር ሥራ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋን በደረቅ መንገድ ስነዳት ሰነበትኩ፤ ከውስጥ ያለውን ውሃ ለማድረቅ ከዚህ የሚሻል ዘዴ የለም። ማታ ማታም በጋራዡ ውስጥ ወለል ላይ በተቀመጠ ማራገቢያ ወደ ሥሯ አየር እለቅባት ነበር። እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቅባት ውሃውን አፍኖ የሚያስቀር ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ሊዘለል ወይም ሊያጥር የማይገባው ክፍል ማድረቁ ነው።

ዛሬ ዝገት ለዋጭ ቀባሁ። ይህ ፈሳሽ ታኒክ አሲድ ያለበት ሲሆን፣ ከዝገቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁርና የማይሟሟ የብረት ታኔት ይፈጥራል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ፎስፎሪክ አሲድ ስላላቸው ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጣሉ። በብዙ ሰው ዘንድ የተሳሳተ ግምት ስላለ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ለዋጩ የሚሠራው ዝገት ባለበት ቦታ ነው። በንጹሕ ብረት ላይ ቢቀባ የሚለውጠው ነገር ስለማያገኝ በደንብ አይዝም፤ በወፍራም ቅርፊት ላይ ቢቀባ ደግሞ የላይኛውን ንብርብር ብቻ አጥቁሮ ከሥሩ ያለውን እንዳለ ይተወዋል። ጠዋት አየሩ ከ10 ዲግሪ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ በቡርሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ቡናማው ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ሲለወጥ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይሁንና ለዋጩ ብቻውን መከላከያ ስላልሆነ በላዩ ሌላ ነገር ካልተደረበ አንድ የበረዶ ወቅት አይችልም።

እግረ መንገዴን የፍሬን ቱቦዎቹን ተመለከትኩ። ከሻንሲው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው፤ ሻንሲ እስኪበሳ ዓመታት ሲፈጅ፣ ቀጭን የብረት ቱቦ ግን ፍሬን በተረገጠበት ቅጽበት ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የዛጉ የፍሬን ቱቦዎችን ጉዳይ ለዓመታት መርምሮ ሲዘጋ፣ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች የሚኖሩ የ2007ና ከዚያ በፊት ሞዴል መኪና ባለቤቶች የመኪናቸውን ሥር በሚገባ እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስመረምሩ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በእኔዋ መኪና ከነዳጅ ታንኩ በላይ የሚያልፈው አንዱ ቱቦ ተላልጦ ስላገኘሁት፣ በሳምንቱ መካከል ወደ ጋራዥ ወስጄ ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል በተሠራ ቱቦ አስቀይራለሁ። ይህ ቅልቅል በጨው አይዝግም፣ በእጅ ለማጠፍም ከብረቱ ይልቃል፤ ለፍሬን ሥራ ግን የለመደ እጅ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

የምቀባውን ነገር የመምረጡ ጉዳይ ዛሬ ተቋጨ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዘመን ጋራዥ የነበራቸውን አጎቴን ስልክ ደውዬ አማክሬያቸው ነበር። “የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥነህ ርጨው እንጂ ምን ታስባለህ? እኛ ከላቫጆ በኋላ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምናደርገው” አሉኝ። ስለ አሠራሩ ሲያወሩ ልክ ናቸው፤ ዘይትና ናፍጣ ወደ ጠባብ ቦታ ይገባሉ፣ ውሃንም ይገፋሉ። ይሁንና የአዲስ አበባ መኪና ጨው የማያውቅ በመሆኑ የሚፈለገው መከላከያ ያን ያህል አይደለም። ከዚህም ሌላ የተቃጠለ ዘይት አሲድና ከሞተር የወጣ የብረት ብናኝ ያለበት ከመሆኑም በላይ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው አንድ ጋሎኑ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። “እዚህ መሬት ላይ ከተንጠባጠበ ቅጣት አለው፣ አጎቴ” ስላቸው ሳቁና “እንግዲህ የአገሩን ልማድ ያዝ” አሉኝ።

የአገሩ ልማድ ግን ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ደርቆ የሚጠነክር ጥቁር የጎማ ሽፋን ሲሆን፣ በየመደብሩ በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ከተቀባ በኋላም መኪናውን እንደ አዲስ ያስመስላል። ሁለተኛው ፈጽሞ የማይደርቅ፣ ከበግ ሱፍ ከሚገኘው ላኖሊን ወይም ከሰም የሚዘጋጅ ለስላሳ ቅባት ነው። ከዚህ ወገን በጣም የታወቀው ፍሉይድ ፊልም በ1940ዎቹ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከቦች ጥቅም ላይ መዋል የጀመረ ነው።

የእኔ ፍርድ ለሁለተኛው ነው። የጎማው ሽፋን ንጹሕ ሆኖ ለተገዛ አዲስ መኪና ሊጠቅም ይችላል፤ ዝገት በጀመረ መኪና ላይ ግን ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ጨዋማ ውሃ መውጫ ያጣል፣ ባለቤቱም ከላይ ጥቁርና ንጹሕ ሆኖ ስለሚያየው አይጠረጥርም። ለስላሳው ቅባት በተቃራኒው ሲጫር መልሶ ይያያዛል፣ ወደ ዝገቱ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ሲያልቅም ማለቁ በግልጽ ይታያል። የሚጠይቀው ዋጋ በየዓመቱ መደገሙ፣ ልብስ ማበላሸቱና ለጥቂት ሳምንታት በጎች በረት ውስጥ ያሉ የሚያስመስል ሽታው ነው፤ ባለቤቴ ስለ ሽታው ያላት አስተያየት እዚህ ሊጻፍ አይችልም።

ክርክሩን በዓይን ለማየት ስል ከአንድ አሮጌ ላሜራ ሁለት እኩል ቁራጭ ቆርጬ፣ ሁለቱም ቀድሞውኑ የዛጉ ስለነበሩ በሽቦ ቡርሽ እኩል ፋቅኳቸው። አንዱን በጎማ ሽፋን፣ ሌላውን በላኖሊን ቅባት ቀብቼ ከኋላ ፓራውልቱ ሥር ጎን ለጎን በሽቦ አሰርኳቸው። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ሳይንሳዊ ጥናት አይባልም፤ ግን በአንድ መንገድና በአንድ ጨው ይከርማሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

የርጭቱ ቀን። አየሩ ደረቅ፣ ሙቀቱም 15 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የላኖሊኑን ጋሎን በሙቅ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ አሞቅሁት፤ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ወደ ጠባብ ቦታ ሲገባ ይቀላል፣ የመርጫውንም አፍ አይደፍንም። ለርጭት የተጠቀምኩት ከኮምፕሬሰር ጋር የሚገናኝ የመርጫ ሽጉጥ ሲሆን፣ ግፊቱን 80 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ አድርጌዋለሁ። ከሽጉጡ ጋር ረዥምና ተጣጣፊ ቱቦ አብሮ ይመጣል፤ የዚህ ቱቦ ጫፍ በዙሪያው በሁሉም አቅጣጫ የሚረጭ በመሆኑ የሥራው ዋና መሣሪያ እሱ ነው።

ጎማዎቹን አውልቄ የፍሬን ዲስኮቹንና ሸራዎቹን በላስቲክ ከረጢት፣ ማርሚታውንና የጭስ ቱቦውን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፈንኩ። ቅባት የነካው የፍሬን ሸራ አይዝም፤ በጋለ ማርሚታ ላይ ያረፈ ቅባት ደግሞ እስኪነድ ድረስ ለቀናት ያጨሳል። ጎሚኒዎቹንም በተቻለ መጠን ሸፍኛለሁ፤ ላኖሊን ዘይት የማይችሉ የጎማ ዓይነቶችን ሊያሳብጥ ይችላል። ወለሉን በካርቶን ሞላሁት።

መጀመሪያ የሣጥኑን ውስጥ ያዝኩ። ቱቦውን ከኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ አስገብቼ እስከሚሄድበት ድረስ ወደ ፊት ገፋሁት፤ ከዚያም ሽጉጡን ተጭኜ ቀስ እያልኩ ወደ ራሴ ጎተትኩት። ቅባቱ በበቂ መጠን መድረሱ የሚታወቀው ከታች ካሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ቱቦው ከመሐለኛው መስቀለኛ ብረት ማለፍ ስላልቻለ የፊተኛውን ግማሽ በሌላ ቀዳዳ ገብቼ ሠራሁት። ከበሮቹ ሥር ያለውን ባዶ ሣጥን፣ የበሮቹን ታችኛ ክፍልና የኋላውን በር ውስጥም እንዲሁ አደረግኩ። በሮቹ ከታች የውሃ መውጫ አላቸው፤ ቅባቱ እንዳይደፍናቸው አንድ በአንድ በሽቦ አረጋገጥኩ።

የውጩ ሥራ ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር። የኋላውን ቅስት፣ ሞላዎቹ የሚቀመጡባቸውን ቦታዎች፣ ዲፈረንሻሉን የተሸከመውን ብረት፣ የነዳጅ ታንኩን ማሰሪያዎች፣ የፍሬን ቱቦዎቹንና በፓራፋንጎዎቹ ውስጥ ላሜራ ከላሜራ የተያያዘበትን መስመር ሁሉ ሸፈንኩ። የስኮርታው ማውረጃ ሰንሰለት ለብቻው ተረጨ፤ በመንገድ ጎማ በፈነዳ ጊዜ ዝጎ አልወርድ የሚል ስኮርታ ጨርሶ ካለመኖሩ አይሻልምና። ከአንድ ጋሎን ጥቂት ተረፈ። ለዚህ ሥራ ከተማ ውስጥ ያሉ ጋራዦች ከ150 እስከ 250 ዶላር ሲጠይቁኝ፣ ቅባቱና ሽጉጡ አንድ ላይ ከዚያ ያነሰ ፈጁ፤ ሽጉጡ ደግሞ ለከርሞም ያገለግላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

የሸፈንኩትን ሁሉ ገለጥኩ፣ ዲስኮቹን በፍሬን ማጽጃ ጠረግሁ፣ ጎማዎቹን መልሼ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጠበቅሁ። መኪናዋ ለሁለት ቀን ስለምትንጠባጠብ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌያለሁ። ከመንዳቴ በፊት ፍሬኑን በግቢው ውስጥ ደጋግሜ ረግጬ ፈተንኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

የጽዮን በዓል ነውና ሥራ አልሠራሁም፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ጎንበስ ብዬ ማየቴ አልቀረም። መንገዱ ጨው ከተቀበለ ቆይቷል። በቅባቱ ላይ አቧራና የጨው ብናኝ ተለጥፎ ግራጫ ቅርፊት ሠርቷል። ይህ ክፉ ምልክት አይደለም፤ አቧራው ቅባቱን እያወፈረ ከጎማ ከሚረጨው ውሃ የሚያስጥል ሁለተኛ ሽፋን ይሆናል። የሚፈተሸው ከሥሩ ነው፤ በጣቴ ስጠርገው ብረቱ አሁንም ዘይት ለብሷል።

የበረዶው ወራት አጠባ ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ በሚወጣባቸው ቀናት ከሥር የሚረጭ ላቫጆ ውስጥ አስገባታለሁ፤ ሆኖም በግፊት ከቅርብ አላስመታትም፣ ቅባቱን ያነሣዋልና። በሌላ በኩል አንዳንድ ወዳጆቼ የሚኮሩበትን የሞቀ ጋራዥ አልመኘውም። ጨዋማ በረዶ የተሸከመ መኪና ውጭ በቅዝቃዜ ቢያድር ዝገቱ ይዘገያል፤ በሞቀ ጋራዥ ውስጥ ቢያድር በረዶው ይቀልጣል፣ ሙቀቱም ዝገትን ያፈጥናል። መኪናው ሳይታጠብ በየቀኑ ሞቅ ያለ ቦታ የሚያድር ከሆነ፣ ለባለቤቱ የሚሰጠው ምቾት ለሻንሲው አይተርፍም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

መንገዱ በዝናብ ታጥቦ ስላበቃ መኪናዋን እንደገና በካቫሌቶ ላይ አወጣኋት።

የሻንሲው ውስጥ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። በስልክ የሚታይ ትንሽ ካሜራ በቀዳዳው አስገብቼ ስመለከት ግድግዳው አሁንም ያብለጨልጫል፤ የውሃ መውረጃዎቹ ክፍት ናቸው፣ ጭቃም አልተከማቸም። አዲሱ የፍሬን ቱቦ እንደተገጠመ ነው፤ የስኮርታው ሰንሰለትም ያለ ምንም ትግል ወረደ። ቅባቱ ያለቀው ከፊት ጎማዎቹ በስተኋላ ባለው ሻንሲና ጎማዎቹን በሚይዙት ታችኛ ክንዶች ፊት ለፊት ነው፤ በጎማ ተወርውሮ የሚመጣው ጠጠርና ውሃ በቀጥታ የሚመታቸው እነዚህ ናቸው። ለከርሞ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ወፈር ያለውን የላኖሊን ዓይነት እጠቀማለሁ፣ በጥር አጋማሽም አንድ ሞቅ ያለ ቀን ፈልጌ እደርብበታለሁ።

ሁለቱን ላሜራዎች ፈትቼ በጠረጴዛ ላይ አጋደምኳቸው። በጎማ የተሸፈነው ከላይ ሲታይ ከጓደኛው በእጅጉ ያምራል፤ ጥቁር ነው፣ ዝገት የሚታየው በአንድ ጠርዙ ብቻ ነው። ጠርዙን በካቻቢቴ ሳነሣው ግን ሽፋኑ ከሦስት ጣት በላይ ስፋት ያለው ሆኖ ተገሽልጦ መጣ፤ ከሥሩ ያለው ብረት እርጥብና ብርቱካናማ ነበር። በላኖሊን የተቀባው ቆሻሻና አስቀያሚ ነው። የፊት ጠርዙ ታጥቦ ስስ ቡናማ ዝገት ይዟል፤ የቀረው ግን ሲጠረግ በመስከረም እንደነበረው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ አዲስ ቅርፊትም አላበጀም። በጎማ የተሸፈነው ቁራጭ በሻንሲ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አያነሣውም ነበር። እነዚህን ላሜራዎች መልሼ አስሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ዓመት እንዴት እንደሚያልፉ ማየት እፈልጋለሁ።

ያላማረኝ ስኮርታውን የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት ነው። ዝገት ለዋጩ በአንደኛው ጫፍ ተላቅቆ፣ ከመጋጠሚያው መስመር ብርቱካናማ ውሃ ወርዷል። መጋጠሚያው ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት በመሆኑ ዝገቱ ያለው በመካከላቸው፣ ቡርሽም ቅባትም በማይደርስበት ቦታ ነው። በካቻቢቴ ስወጋው በአንድ ቦታ አለፈ፤ ቀዳዳው ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ ዋናው ሻንሲም አልተነካም። ይህን ማንኛውም ቅባት አያድነውም።

በሰኔ አንድ በያጅ ዘንድ ወስጄ ያንን ክፍል አስቆርጬ በአዲስ ብረት አስተካዋለሁ። ከዚያ በፊት በዙሪያው ያለውን ላኖሊን በደንብ ማንሣት ይኖርብኛል፤ በብየዳ እሳት ስለሚቀጣጠልና ጭሱም ስለሚያፍን፣ አብዛኞቹ በያጆች የተቀባ መኪና ሲመጣባቸው ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የባትሪው ገመድም መነቀል አለበት። አዲሱ ብረት ንጹሕ ስለሚሆን ዝገት ለዋጭ ሳይሆን ዚንክ ያለበት ፕራይመር ነው የሚቀባው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ለዝገት ስለሚሰጥ ብረቱን ያቆየዋል። ፕራይመሩ ለመድረቅ በቂ ጊዜ አግኝቶ ከከርሞው ርጭት ጋር እንዲገናኝ፣ ብየዳው ከሐምሌ ማለፍ የለበትም።